ብርድ መትቶኛል በያት

ሀሴት ነርስ ለመሆን ያደረገችው ዝግጅት ከጓደኞቿ ዝግጅት በአንድ ነገር ይለያል። ሌሎቹ ትምህርቱ በገባቸው ቁጥር ደስ ይላቸዋል። እሷ ግን አንድ ነገር በገባት ቁጥር አንድ የሞተ ሰው ይጠጋታል።

ሰውየው ጋሽ ጥጋቡ ይባሉ ነበር። ቶሮንቶ፣ ጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ፣ እነ ሀሴት ዘጠነኛው ላይ፣ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ኤልፍነሽ ደግሞ ስድስተኛው ላይ ይኖሩ ነበር። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የወጡ ሰዎች ናቸው። ጋሽ ጥጋቡ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልሱ የኖሩ የሊሞ ሹፌር ነበሩ። ልጅ አልወለዱም፤ ስለዚህ የፎቁ የሐበሻ ልጅ ሁሉ የሳቸው ነበር። ሊፍት ውስጥ ያገኙትን ልጅ ከረሜላ ሳያስይዙ አያልፉም። እናቶች ስለ ጥርስ ሲያጉረመርሙ «ጥርስ ይበቅላል» ብለው ይስቁ ነበር።

ያ ቀን የመጣው ሀሴት አሥራ ሁለት ዓመቷ ላይ ነው። ፒኤ ዴይ ነበር፤ መምህራኑ ስብሰባ አላቸው ተብሎ ልጆች ቤት የሚውሉበት ዓርብ። እናቷ ሰሎሜ ኢቶቢኮ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሥራ ላይ ናት። እትዬ ኤልፍነሽም ሆቴል ውስጥ አልጋ እያነጠፉ ነው። በሩ ተንኳኳ። ስትከፍተው ጋሽ ጥጋቡ በአንድ እጃቸው መቃኑን ተደግፈው ቆመዋል።

«ሀሲ፣ እናትሽ አለች?»

«የለችም። ሺፍት ናት።»

«እንግዲያው አንቺው ትበቂኛለሽ። ሐኪም ቤት አብረሽኝ ሂጂ። የኔ እንግሊዝኛ እንደሆነ የመኪና ነው። ተርሚናል ዋን፣ ተርሚናል ስሪ፣ ሪሲት። የሰውነት እንግሊዝኛ የለኝም።»

ሀሴት ደስ አላት። እውነቱን መናገር ካለብን ደስ አላት። ትልቅ ሰው እሷን ብሎ መጣ፣ ያውም ሐኪም ጋ ልታስተረጉም። ለእናቷ ቴክስት አድርጋ፣ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ነርስ ምን እንደሆኑ ጠየቀች። ጋሽ ጥጋቡ ወደ ሀሴት ጎንበስ አሉ።

«ብርድ መትቶኛል በያት። ጎኔን ሰቅዞ ይዞኛል። ትንፋሽ ስስብ ይወጋኛል።»

ይሄን አነጋገር አማርኛ አፉን የፈታበት ሰው ያውቀዋል። ጉልበት ሲቆረጥም ብርድ ነው። ወገብ ሲይዝ ብርድ ነው። ደረት ሲወጋ፣ አንገት አልዞር ሲል፣ ሁሉም ብርድ ነው። የኛ ሰው ሞት ደጁ ቆሞ እንኳ «ትንሽ ብርድ ናት» ይላል። ሀሴት ግን ቶሮንቶ የተወለደች ልጅ ናት። ለሷ ብርድ ማለት ኮልድ ነው፤ ያመመው ሰው ኮልድ አለበት ሲባል ደግሞ ጉንፋን ያዘው ማለት ነው፤ አፍንጫ የሚያስነፍጥ፣ ሾርባ ተጠጥቶበት የሚያልፍ። «ሰቅዞ» የሚለውን ቃል ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም። ልትጠይቃቸው አሰበች። ከኋላቸው ሰልፉ ረጅም ነው፤ ነርሷ ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። አማርኛ አትችይም እንዳይሏት ፈራች። እሷን አምነው የመጡትን ሰውዬ ማሳፈር አልፈለገችም።

«ሂ ሃዝ ኤ ኮልድ» አለች። የጎኑንና የትንፋሹን ነገር ከዚያው ከጉንፋኑ ጋር ጠቅልላ ተወችው።

ነርሷ ሕመም ይሰማቸው እንደሆነ ጠየቀች። ሀሴት ዞር ብላ «አሞሃል?» አለቻቸው፤ አንቱታ ገና አልገባትም ነበር። ጋሽ ጥጋቡ በዚህ ፈገግ አሉ። ከዚያም ሰው ፊት እንዴት ነህ የተባለ ሐበሻ ሁሉ የሚመልሰውን መለሱ፦ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» እሷም ይህችን ብቻ ሳታጓድል ተረጎመች።

ጣት በሚቆነጥጠው የኦክስጅን መለኪያ ለክታ ነርሷ ቁጥሩን አየች። ጉንፋን የሚለው ቃል ቀድሞ ስለተጻፈ ቁጥሩን ሁለተኛ ያየው የለም። ተቀመጡ ተባሉ። ሦስት ሰዓት ተኩል ተቀመጡ። ስም በተጠራ ቁጥር ጋሽ ጥጋቡ «ልጄ፣ ምን አለች?» ይላሉ፤ «ሌላ ሰው ነው የጠራችው» ትላለች። መጨረሻ ላይ «ተይው፣ ሻል ብሎኛል፤ ኤልፍነሽም ልትገባ ነው» ብለው ተነሡ። በአውቶቡስ ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት አረፉ። ሳንባቸው ላይ የረጋ ደም ነው ተባለ።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ሐኪም ቤቱን ረገመ። ጥቁር ስለሆነ ነው ያላዩት፣ ሽማግሌ ስለሆነ ነው፣ ሲሉ ዋሉ። ሀሴትን አጥብቆ የጠየቃት አልነበረም፤ ለጠየቃትም «ብዙ ሰው ነበር፣ ደከማቸው» አለች። ውሸት አልነበረበትም፤ ሙሉው እውነት ግን አልነበረም። በልጅ አእምሮዋ እንኳ አንድ ነገር እንደጎደለ ታውቅ ነበር። ጎኑን የሚወጋው ሰውዬ የት ሄደ? እሷ ጋ ነው የቀረው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይሄን የተናገረ ሰው የሀሴትን ዝምታ አላየም። ነቅዟል እንጂ! በየዓመቱ በጋሽ ጥጋቡ ሙት ዓመት እትዬ ኤልፍነሽ ከካህናቱ ቀጥሎ የሚያስቀምጡት እሷን ነው። «ይህች ናት እስከ መጨረሻው ያልተለየችው። አስተርጓሚው እሷ ነበረች» ይላሉ። ሽማግሌዎቹ «እደጊ፣ ተመንደጊ» ይሏታል። እሷ ሳህኗን ታቅፋ አንገቷን ትደፋለች፤ ሰው ጨዋነት ይመስለዋል።

ነርስ እሆናለሁ ያለችው ዘጠነኛ ክፍል እያለች ነው። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም፤ የሐበሻ እናት ልጇ ነርስ እሆናለሁ ስትላት ለምን ብላ አትጠይቅም። ሰሎሜ እንዲያውም ስታስጠናት መንገዱን ከማንም በላይ አወቀችው። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሁሉም ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ዓይነት መሆን አለበት። አንዷን ዝቅ ያለችውን ከወሰድሽ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። የመጀመሪያ ዕርዳታ ወረቀት ያስፈልጋል። ለመመረቅ አርባ ሰዓት ነጻ አገልግሎት ግዴታ ነው፤ ሰሎሜ ግን «አርባውማ ለሁሉም ነው፣ አንቺ ሁለት መቶ አድርጊው» አለቻት። አደረገችው።

ድምፁ የጀመረው አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ባዮሎጂ ላይ ነው። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ ሳንባ ሥላ ደም እንዴት እንደሚገባበትና እንደሚወጣበት ታስረዳ ነበር። ከእግር ተነሥቶ የሄደ የረጋ ደም እዚህ ጋ ሲወሸቅ፣ አለች፣ ሰውዬው ጎኑን ይወጋዋል፤ ትንፋሽ ሲስብ ይብስበታል። ለረጅም ሰዓት የሚቀመጡ ሰዎች፣ እንደ ሹፌር ያሉ፣ ይበልጥ ያሠጋቸዋል። ሀሴት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከጀርባዋ፣ ከጆሮዋ አጠገብ ማለት ይቻላል፣ ጥርት ብሎ «ልጄ፣ ምን አለች?» የሚል ሰማች።

ዞረች። ከኋላዋ የተቀመጠው ልጅ ስልኩን እየነካካ ነው።

ከዚያ በኋላ አልተዋትም። ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ውስጥ፣ «ልጄ፣ ምን አለች?» የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ላይ የላስቲክ አሻንጉሊት ደረት ላይ ተደፍታ ሠላሳ ስትቆጥር፣ አሠልጣኟ ጠንከር አድርጊ ስትላት፣ «ምን አለች?» ስድስተኛው ፎቅ ላይ ሊፍቱ ማንም ሳይጠራው ሲቆም በሩ ተከፍቶ እስኪዘጋ ዓይኗን ትጨፍናለች። ድምፁ አያስፈራራም፤ አይቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። የሚጠይቃት እንደዚያን ቀኑ በሙሉ እምነት ነው፤ የሚያሳብዳትም እሱ ነው።

ነጻ አገልግሎቱን የምትሠራው አንድ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ነበር። የምትመራት ጃማይካዊት ነርስ ናት፤ ወፍራም፣ ቀልደኛ፣ ግን በሥራዋ ላይ መሳቅ የማትወድ ሴት። አንድ ቀን ከሰዓት አንዲት ፖርቱጋላዊት አሮጊት በቋንቋዋ አንድ ነገር ደጋግማ ስትል ሀሴት ሮጣ ውኃ አመጣችላት። አሮጊቷ ብርጭቆውን ገፋችው።

«ውኃ ስትል ሰማሻት፣ ወይስ ገመትሽ?» አለቻት ነርሷ።

ሀሴት ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ገምተሻል። መገመትሽን ብታውቂው ምንም አልነበረም። ገምተሽ እንደሰማሽ መሆንሽ ነው ሰው የሚገድለው። ያልገባሽን አልገባኝም በይ። እዚህ ቤት ማፈር የሚባል ነገር የለም፤ ካፈርሽ ሌላ ሥራ ፈልጊ።» ከዚያም ልጇን የምታስተኛ ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ምን ሆንሽ?» አለቻት። ሀሴት መጸዳጃ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ አለቀሰች። አሮጊቷ ለካ መስኮቱን ዝጉልኝ ነበር የምትለው።

የዩኒቨርሲቲው ማመልከቻ በመጣ ጊዜ ደግሞ የባሰ ሠራች። አንድ ጥያቄ ነበረው፦ ሰው የረዳሽበትን ጊዜ ጻፊ፣ ከዚያስ ምን ተማርሽ? ሀሴት ሦስት ቀን ወረቀቱ ፊት ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ለአንድ ስደተኛ ሽማግሌ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ እንዳስተረጎመች፣ የቋንቋን ክብደትም ያን ቀን እንደተማረች ጻፈች። ጽሑፉ ያምራል። አንድም የሐሰት ዓረፍተ ነገር የለበትም። ሽማግሌው በማግስቱ መሞታቸውን አይናገርም፤ ምን ብላ እንዳስተረጎመችም አይናገርም። የእንግሊዝኛ መምህሯ አንብባ ዓይኗን ጠረገች። ዩኒቨርሲቲውም ተቀበላት።

ሰሎሜ ደብዳቤውን በስልክ ያየችው ሥራ ቦታ መኪና ማቆሚያው ላይ ነው፤ እልል ስትል የሥራ ባልደረቦቿ የሞተ ሰው አለ ብለው ሮጠው ወጡ። ዘመድ ሁሉ ተደወለለት። ሀሴት ግን ተቀብያለሁ የሚለውን ቁልፍ መጫን አልቻለችም። መልስ የሚሰጥበት ጊዜ በሚመጣው ሰኞ ያበቃል። ማክሰኞ አልተጫነም፤ ሐሙስም አልተጫነም። ስልኳን ባወጣች ቁጥር ጋሽ ጥጋቡን ረግጣ የምታልፍ ይመስላታል። ትተወው ይሆናል። ትታው እሳቸውን የማያስታውሳት ሌላ ትምህርት ትማር ይሆናል። ወይም ስድስተኛው ፎቅ ወርዳ ትናገር ይሆናል፤ ያን ከማሰብ ግን ሞት ይቀላታል።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ኤልፍነሽ ኮል አደረጉላት። «ነይ ወደኔ። የእግርሽን ቁጥር እናትሽን ጠይቄ አንድ ነገር ገዝቼልሻለሁ።»

ጫማ ነው። ነጭ፣ ሶሉ ወፍራም፣ ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ሆኖ ይጠብቃታል። እትዬ ኤልፍነሽ ሠላሳ ዓመት ቆመው የሠሩ ሴት ናቸው፤ ስለ ነርስነት የሚያውቁትም ነገር እግርን ይመለከታል። «ርካሽ ጫማ እንዳትለምጂ። ጉልበትሽን በአርባ ዓመትሽ ትጨርሺዋለሽ። ተቀመጪና ሞክሪው።»

ሀሴት አልተቀመጠችም። ግድግዳው ላይ ጋሽ ጥጋቡ ጥቁር ሊሟቸውን ተደግፈው ይስቃሉ። አሁን የምትናገረውን አማርኛ አራት ቀን አጥንታዋለች።

«እትዬ ኤልፍነሽ፣ ጋሽ ጥጋቡ ያን ቀን ብርድ መታኝ ነበር ያሉት። ጎኔን ይወጋኛል ብለው ነበር። እኔ ለነርሷ ጉንፋን ነው አልኳት። የጎናቸውን አልነገርኳትም። ቃሉን አላወቅኩትም ነበር፤ መጠየቅ አፈርኩ። ለዛ ነው ያላስገቧቸው። ባዮሎጂ ስማር ነው በደንብ የገባኝ። በኔ ነው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለዚህ ነው፤ ከስድስት ዓመት በኋላ እንኳ ሲነኩት ያማል። እትዬ ኤልፍነሽ መጀመሪያ የሰሙትን ያላመኑ መሰሉ። ብርድና ጉንፋን በእንግሊዝኛ እንዴት አንድ እንደሚሆኑ ሁለት ጊዜ አስደገሟት። ከዚያ የጫማውን ሳጥን ክዳን አንሥተው ቀስ ብለው ከደኑት።

«ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«አሥራ ሁለት።»

«አሁንስ?»

«አሥራ ስምንት።»

«ለአሥራ ሁለቷ ልጅ የምላት የለኝም። ሕፃን ናት። እሷን እዚያ የላክናት እኛ ነን፤ እኔ ሥራዬን ጥዬ አልመጣ አልኩ፣ እሱም ሕፃን ይዞ ሄደ። ጠቤ ከአሥራ ስምንቷ፣ ካንቺ ጋር ነው።» የተከደነውን ሳጥን ገፋ አደረጉት። «ስድስት ዓመት! ባሌ የመጨረሻ ቀኑን እንዴት እንዳሳለፈ የሚያውቅ ሰው ከኔ ሦስት ፎቅ በላይ ተቀምጦ! ምን በላ? ምን አለ? ስሜን ጠራ? ማታ ስመጣ ተኝቶ ነበር የጠበቀኝ፤ ድካም ነው አለኝ፣ ጠዋት አልነቃም። ያቺ ልጅ ደንግጣለች፣ እንዳትጠይቋት ብዬ እናትሽን የገዘትኩ እኔ ነኝ። አንቺ በአፍሽ ይዘሽው ትዞሪ ኖሯል!»

«አይ ኖው» አለች ሀሴት፤ አማርኛው ሁሉ ጠፍቶባት። «አይም ሶ ሶሪ።»

«በአማርኛ!»

«ይቅርታ። ትምህርቱን ልተወው ነው እትዬ። ነርስ መሆን አይገባኝም።»

እትዬ ኤልፍነሽ ዓይናቸውን አፈጠጡባት። ምን ለማለት እንደፈለገች በደንብ ተረድተዋታል፤ ሆን ብለው ግን ሌላውን ወሰዱ።

«ያልገባው ሰው ይጠይቃል። ያኔም መጠየቅ ነበር። ባሌን አጥቼ ነርስም ልጣ? ስልክሽን አውጪ።»

«እትዬ…»

«አውጪ አልኩሽ! ዓይኔ እያየ ተጫኚው።»

ሀሴት አወጣች። ሁለት ጊዜ ሳተችው፤ በሦስተኛው ተጫነችው። እትዬ ኤልፍነሽ መነጽራቸውን አድርገው እስክሪኑ ላይ የመጣውን የእንኳን ደስ አለሽ ጽሑፍ አዩ። ደስ አላላቸውም።

«ይቅርታውን ለሌላ ቀን አቆይልኝ» አሉ። «ዛሬ የለኝም። ብዋሽሽ አንቺንም አይጠቅምሽም። አሁን ተቀመጪና ከበራችሁ ጀምሪ። ምንም እንዳትዘይ።»

ሀሴት ተቀመጠች፤ ከበሩ ጀመረች። መቃኑን ተደግፈው እንደቆሙ፣ ስለ መኪና እንግሊዝኛቸው ያሉትን ነገረቻቸው። የትኛውን አውቶቡስ ያዛችሁ፣ ተቀምጦ ነበር ወይስ ቆሞ፣ ኮቱን ቆልፎ ነበር፣ እያሉ እትዬ ኤልፍነሽ በየደረሰችበት ያስቆሟታል። «አሞሃል?» ያለቻቸው ጋ ስትደርስ ሳይወዱ በግድ ሳቁ፤ «አንተ አልሽው!» ብለው አፋቸውን ያዙ። ሐኪም ቤቱ ካለው የመክሰስ መሸጫ ማሽን ብስኩት ገዝተው ግማሹን ለሷ እንደሰጧት፣ የራሳቸውን ግማሽ ሳይበሉ ኪሳቸው እንደከተቱት ነገረቻቸው። «ኪሱ ውስጥ አግኝቼው ነበር» አሉ እትዬ ኤልፍነሽ። «ከየት እንደመጣ አላወቅሁም።»

ከዚያ ከሁሉም ይልቅ መጠየቅ የፈሩትን ጠየቁ።

«ፈርቶ ነበር?»

ሀሴት እዚህ ላይ የሚያምር መልስ ነበራት። አልፈሩም፣ ሲቀልዱ ነበር ብትል ማንም አይከራከራትም፤ ሌላ ምስክር የለም። የእትዬ ኤልፍነሽ ፊትም ይህንኑ እየለመናት ነበር። ሰውን ላለማስከፋት ብላ ቃል ማሳመር እንደሆን ከልጅነቷ ታውቅበታለች።

«አዎ» አለች። «ፈርተው ነበር። እጄን ያዙኝ። በጣም ጠንክረው ያዙኝ፤ ያመኝ ነበር፣ ግን አላወጣሁትም።»

«እስከ መቼ?»

«እስክንወጣ። አውቶቡስ ውስጥም ይዘውኝ ነበር። እዚህ ሊፍት ውስጥ ነው የለቀቁኝ።»

እትዬ ኤልፍነሽ እጃቸውን ዘርግተው የሀሴትን እጅ አነሡ። ገልብጠው መዳፏን አዩት፤ እንባቸው እየወረደ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳበሱ።

«ተመስገን» አሉ። «ለካ ብቻውን አልፈራም።»

ከዚያም ቀጥዪ አሏት፤ ሀሴትም ቀጠለች።